የማይራመድ ወፍጮና የአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ዘይት

ባሌ ፊደል ያለበትን ነገር በእግሩ አይረግጥም። የሳሙና መጠቅለያ መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኝ አንስቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ አጥር ላይ ይሰካዋል። የቅኔ ቤት ልማድ ነው ይላል። ቅኔውን ሳይጨርስ ወባ ይዞት ወደ ቤቱ ቢመለስም አገሩ ሁሉ መሪጌታ እያለ ይጠራዋል፤ እሱም እስከ ዛሬ "ኧረ አልተመረቅሁም" ብሎ ሰው አላረመም። እኔ ደግሞ ቡሬ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ። የተጻፈ ነገር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው "ማነው ይህን ያለው? ምን ሊያገኝበት?" ብዬ ነው። እንዲህ ያለን ሁለት ሰዎች ተጋብተን፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወንዙ ማዶ፣ የሞተር ወፍጮ ተከልን። ዘመኑ ገበሬ ሁሉ በአንድ ለአምስት የተደራጀበት፣ ጎበዝ የተባለውም "ሞዴል" እየተባለ የሚሸለምበት ጊዜ ነበር።

ወፍጮው የቆመው በእኔ በሬዎች ነው። አባቴ ሲሞት በውርስ የደረሱኝን በሬዎች ሸጬ ሞተሩን አስመጣሁ። ባሌ መሬት ኮንትራት እንያዝበት ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ቀሚሴን ሰብስቤ ጉልበቴን አሳየሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የድንጋይ ወፍጮ ስር ተንበርክኬ ነው ያደግሁት፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ቆዳ እንደ አሮጌ ጫማ ደርቋል። ሌላዋ ሴት ወርቅ ትመኝ ይሆናል፤ እኔ የተመኘሁት ቀጥ ብሎ መቆም ነበር። ሞተሩ ተተክሎ መጀመሪያ የጮኸ ዕለት አገሩ ተሰብስቦ እልል ሲል፣ እኔ በሰው ፊት ማልሁ።

"ሚካኤልን! ከእንግዲህ ጉልበቴ ወፍጮ ስር ቢታይ፣ እንደ ተንበረከክሁ ልቅር!"

አማቴ ከጎኔ ቆመው ሰሙኝ። የእሳቸው የድንጋይ ወፍጮ ከጎጇቸው ጥግ እንደ ተተከለ ነበር፤ ሞተር መጣ ብለው አልነቀሉትም።

"ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ልጄ" አሉኝ። "ሞተር ሰው የሠራው ነው። ሰው የሠራው ደግሞ ይደክማል።"

እኔ አልሰማኋቸውም። ሰው ደስ ሲለው ምክር አይሰማም።

ሞተሩን የተከለልን ሰው ሲሄድ የተወልን ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ ዘይቱ ሲጠቁር ድፉት፣ አዲስ ሙሉበት። እኛም እንዲያ እናደርግ ነበር። ባሌ በየጊዜው አዲስ ዘይት መግዛቱ ያንገበግበዋል፤ ጎረቤት ግን የዘይት መቀየሪያችንን ቀን እንደ ዓመት በዓል ነበር የሚጠብቀው። የእኛ አገር ምስጥ ክፉ ነው። ዛሬ ያቆምኸውን ምሰሶ ለከርሞ ብትደገፈው አብረኸው ትወድቃለህ። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የተቀባ እንጨት ግን ምስጥ ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ዘይት የምንደፋ ዕለት ሰዉ ቅል፣ ጣሳ፣ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ ሳይቀር ይዞ ደጃችን ይሰለፋል። የንስሐ አባታችን እንኳ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ብለው ጄሪካን ይልካሉ። ከሩቅ ያየን ሰው ጠበል የፈለቀልን ይመስለው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እኔና ባሌ ዘይት ልንገዛ ቡሬ ሄድን። የመለዋወጫ ሱቁ በር ላይ ሰው ግጥም ብሏል። ባጃጅ ላይ የታሰረ ሞንታርቦ ጆሮ ይበጥሳል። ጫማው የሚያብለጨልጭ አንድ ወጣት ሁለት የከሰል ምድጃ ላይ ሁለት መጥበሻ ጥዶ ያስረዳል። በአንዱ መጥበሻ ተራ የሞተር ዘይት፣ በሌላው ሲንቴቲክ የሚሉት አዲሱ ዘይት አለ። ተራው ጨሰ፣ ተንተከተከ፣ ከሰለ። ሲንቴቲኩ ወርቅ መስሎ እንደ ተኛ ቀረ።

"አያችሁ ወገኖቼ! ሞተራችሁ ሆድ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው!" አለ ወጣቱ።

እኔ መጥበሻውን ትቼ ምድጃውን ነበር የማየው። ተራው ዘይት የተጣደበት ምድጃ ከሰሉ እስከ አፉ ቀልቷል። የሲንቴቲኩ ምድጃ ግን ለይስሙላ ሁለት ሦስት ፍም ጣል ጣል ተደርጎበታል፤ በእሱ እንኳን ዘይት ሊቃጠል፣ እንቁላልም አይበስልበት። ባሌን በክርኔ ጎሸም አደረግሁት።

"እሳቱን እየው" አልሁት።

"ፊደሉን እያነበብሁ ነው፣ አታቋርጭኝ" አለኝ። ጣሳው ላይ የተለጠፈውን አማርኛ ይዞ ነበር።

ሰዉ ዘይቱን በጣቱ እየነካ መረመረ። የእኛ ሰው ማር ሲገዛ እንደሚያደርገው በሁለት ጣቱ መሃል ይዞ ይስበዋል። ዘይቱ ቀጠነበት። እኛ ዘንድ ደግሞ ቀጭን ነገር አይታመንም፤ ጠላም ሆነ ማር ከቀጠነ ውኃ ገብቶበታል። አንድ ሽማግሌ ጣታቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ፣ "ልጄ፣ ይኸ እኮ ቀጥኗል" አሉት።

"አባቴ፣ ጥሩነቱ መቅጠኑ ነው! ቶሎ ይሮጣል፣ እንደ ደም ነው!"

"እንግዲያ ይህን ነገር ለጠላ ሻጮቻችን አትንገርብን" አሉት ሽማግሌው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁም አብሮ ሳቀ። ጥሩ ሻጭ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ተሰድቦ የሚስቅ ሰው የማይሸጠው ነገር የለም።

ከሳቁ በኋላ ዝርዝሩን አወረደው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ያረጀ ሞተር ያድሳል፣ ጭስ ያጠፋል። በመጨረሻ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "አንዴ ከሞላችሁት አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ንክች የለም!" አለ። ባሌን ያጠመደው ይህ ነው። ከተራው ዘይት እጥፍ ከፍሎ ጣሳውን እንደ ክርስትና ልጅ አቅፎ ወደ ቤት ተመለሰ።

ቤት ገብተን ዘይቱ ከተሞላ በኋላ ጣሳውን ከፊቱ አስቀምጦ መተርጎም ጀመረ። የተማረው ትምህርት እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ይዘው፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ እስኪበቃቸው ያብላሉታል።

"አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል" አለ። "ኪሎ ሜትር የመንገድ መለኪያ ነው። መንገድ ያልሄደ ኪሎ ሜትር የለውም። አንድም፣ ተጓዥ ይደክማል፣ የቆመ ግን አይደክምም ሲል ነው። አንድም፣ ለሚሄደው ገደብ ተሰጠው፣ ለቆመው ገደብ አልተሰጠውም ሲል ነው። ስለዚህ የእኛን ሞተር ዘይት መቀየር አያስፈልግም።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ዕለተ ምጽአት ነው ባልልም፣ ለብዙ ዘመን።"

"አንተ ሰው፣ ሞተሩ እኮ ከጧት እስከ ማታ ይሽከረከራል!"

"ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ነገ ጧት ብታይው እዚያው ነው የምታገኝው።"

እውነት ነው፣ በነጋታው ሄጄ ባየው እዚያው ነበር።

መጀመሪያ የተቃወሙት ሰዎች ስለ ሞተሩ ተጨንቀው አይደለም፤ በምስጥ ምክንያት ነው። ሰዉ ቅሉንና ማሰሮውን ይዞ የዘይት መቀየሪያውን ቀን ቢጠብቅ ቢጠብቅ ቀረበት። አንድ ሁለቱ ደጃችን መጥተው፣ "መሪጌታ፣ ምነው ጠላታችን ሆኑ? ቤታችን ሊወድቅ ነው" አሉ። ባሌ ጣሳውን አውጥቶ አነበበላቸው። እነሱም ማንበብ ስለማይችሉ ጣሳውን ገልብጠው ከታች እያዩ፣ "እንዲህ ከሆነማ ምን እናድርግ" ብለው ሄዱ። ነገሩ ግን አልበረደም፤ እሑድ ሰንበቴ ላይ ተነሣ። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ቀርቦ ሰዉ ሲረጋጋ የንስሐ አባታችን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አስታወሱና፣ "ለመሆኑ የዚህ ወፍጮ ኪሎ ሜትር በምን ይቆጠራል?" ብለው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲያ ሰንበቴው ሸንጎ ሆነ። አንዱ፣ እህሉ ከየቤቱ እስከ ወፍጮው የመጣበት መንገድ ይቆጠር አለ። ሌላው፣ መንገዱን የሄደችው አህያ ናት፣ ዘይቱ የተሞላው ለአህያዋ አይደለም ብሎ ተቃወመ። ሌላው ቺንጊያውን፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያያይዘውን ረጅም ጎማ ማለት ነው፣ በገመድ ለክተን ዙሩን እንቁጠር አለ። ይኼኛው ሐሳብ ሳይሻል አልቀረም ነበር፤ ግን ቺንጊያው ሲዞር ማን ይቆጥራል ሲባል ሁሉም ወደ ጠላው ዞረ። በመጨረሻ ባሌ ተነሥቶ የቆመና የሚሄድ የሚለውን ትርጓሜ በሰንበቴው ፊት አሰማ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ ዘንድ በሚገባ የተነገረ ነገር ውሸት ነው ብሎ መከራከር ብልግና ነው፤ ሰዉ አነጋገሩን ካደነቀ በኋላ ሞተሩን የሚያስብ አልተገኘም።

ከሴቶቹ በኩል ሆኜ፣ "ሞተሩ ትርጓሜ አይሰማም እኮ!" አልሁ። ሳቁብኝ።

የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይህን ሰምቶ መጣ። ቀና ልጅ ነበር፤ ችግሩ ሪፖርት ሲጎድለው እንቅልፍ አይወስደውም። ዘይት የማይቀየርበት ወፍጮ መኖሩን ሲሰማ ዓይኑ በራ። "ይኼ ምርጥ ተሞክሮ ነው!" አለ። በዚያ ዘመን ምርጥ ተሞክሮ የተባለ ነገር እንደ ኩፍኝ ነበር፤ አንድ ቤት ከገባ ሰፈሩን ያዳርሳል። ባሌም ሞዴል ለመባል ታጨ። እኔ ወደ ሞተሩ ቤት ስገባ ግን ድምፁ ተለውጧል። ድሮ የሚጮኸው ጠርቶ፣ ሸንተረር ተሻግሮ ነበር። አሁን ጉሮሮው የታፈነ ሰው ድምፅ ያወጣል። ዘይቱን በመለኪያው ብረት አውጥቼ ብነካው ሬንጅ ሆኗል። ፈራሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ፈርቼ አላውቅም፤ አባቴ ሲታመም እንኳ እንዲያ አልሆንሁም። ሞተሩ ሲያስል ጉልበቴን ነበር የሚያመኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ብቻዬን ቡሬ ሄጄ ሻጩን ፈለግሁት። በሱቁ ጥላ ስር ተቀምጦ የሽንብራ ቆሎ ይበላል።

"ዘይትህ ለስንት ጊዜ ነው?" አልሁት።

"አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ እትዬ።"

"የተሞላበት ወፍጮ ቢሆንስ?"

ማላመጡን አቆመ። ከዚያ በፊት አስቦት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ አየሁ። "ወፍጮም ያው ሞተር አይደል?" አለ።

"ሞተር ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ ልበል?"

"እሱን… እሱን አለቆቼን ልጠይቅልዎት።"

"አንተስ ለራስህ ሞተር የምትሞላው ይህንኑ ነው?"

"እኔ ሞተር የለኝም፣ እትዬ። በእግሬ ነው የምሄደው። የተሰጠኝን ነው የማነብ።"

"እሳቱስ? የአንዱን ምድጃ እሳት ያበዛኸውም ተሰጥቶህ ነው?"

አንገቱን ደፋ። "እሱ እንኳ… እንደዚያ አድርግ ተብዬ ነው" አለና ከሽንብራው ዘርግፎ ሰጠኝ። መቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልሁም። ይህ ልጅና ባሌ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የተሰጣቸውን አሳምረው ያነባሉ።

ቤት ተመልሼ ለባሌ ነገርሁት። "ሻጩ ራሱ አላውቅም ብሏል" አልሁት።

"ሻጩ ባያውቅ ጣሳው ያውቃል" አለኝ።

ያን ጊዜ ተናደድሁ። መፍቻ አንስቼ፣ እኔው ደፍቼ፣ ነገ ከቡሬ ተራ ዘይት አስመጥቼ እሞላበታለሁ ብዬ ወደ ሞተሩ ሄድሁ። ባሌና የልማት ሠራተኛው እጄን ያዙኝ። በማግሥቱ ከዞኑ ከተማ ከፍኖተ ሰላም እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ፤ ያልተቀየረውን ዘይት ሊያዩ ነው፤ የሚታየው ነገር ከተደፋ ምን ሊያዩ ነው? የልማት ሠራተኛው ሊያለቅስ ደርሶ ለመነኝ። "እሽ፣ እንግዶቹ እንደ ሄዱ" ብዬ መፍቻውን ጣልሁ። እንግዶቹ መጡ፣ በግ በሉ፣ ሬንጅ የሆነውን ዘይት በየተራ አይተው አጨበጨቡ። አንደኛው፣ "ጥቁረቱ የጥንካሬው ምልክት ነው" አለ። ባሌን ሞዴል አሉት፤ ባትሪ ድንጋይ የሌለው ሬዲዮ ሸለሙት። በዚያው ዝናቡ ጣለ፣ ወንዙ ሞላ፣ የቡሬ መንገድ ተዘጋ። የሚቀየር ዘይት ከየት ይምጣ? አንድ ጣሳ እንኳ በሰፈሩ አልነበረም።

የሐምሌ ሚካኤል ማኅበር ተረኞች እኛ ነበርን። የበዓሉ ሳምንት ሊገባ ሲል፣ የጎረቤት በቆሎ እየተፈጨ ሳለ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃሰተ። ከዚያ አንድ ነገር ውስጡ ተንቋቋና ዝም አለ። ዝምታው ነው እስከ ዛሬ የሚሰማኝ። ባሌ ማስነሻውን ለማዞር ታገለ፤ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ጎረምሶች ጨመረ፤ ያው ነው። ሞተሩ በራሱ ላይ ተቆልፏል። ባሌ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መስሏል። አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ኖሮ ሚካኤል ራሱ ጆሮውን ይይዝ ነበር።

ሞተሩን መካኒክ ከፍቶ ያየው በኋላ፣ መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል ነው። ሰውየው ከቡሬ መጥቶ፣ ፈታትቶ፣ ውስጡን የሞላውን ጥቁር ጭቃ በእንጨት እየቧጠጠ አወጣው። ኪሎ ሜትሩ ለመኪና ነው፣ ወፍጮ የሚቆጠርለት በሠራበት ሰዓት ነው አለን። "ዘይቱማ ሸጋ ነበር፣ እናንተ ናችሁ የገደላችሁት" አለ። እሰይ፣ አንድ እውነተኛ ሰው አገኘሁ ብዬ ሳልጨርስ፣ ከቦርሳው የሌላ ዓይነት ዘይት አውጥቶ፣ "ይኼኛው ቢሆን ኖሮ ግን…" ብሎ ጀመረ። "እባክህ ወንድሜ፣ ወደ ቦርሳህ መልሰው" አልሁት።

እንግዲህ ጣሳው ዋሽቷል ወይ? ይህን ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጣሳው ስለ መኪና ተናገረ፣ እኛ ስለ ወፍጮ ሰማን። ውሸቱ ከምድጃው እሳት ላይ ነበር፣ እሱን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀረውን ውሸት የጨመርንበት እኛው ነን፤ ሻጩ በጩኸቱ፣ ባሌ በትርጓሜው፣ ሰንበቴው በአድናቆቱ፣ እንግዶቹ በጭብጨባቸው። የሚያስቆጣኝ ይኼ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ዘይቱ ባይሠራ ጉልበቱ የሚቀጣው አንድም አልነበረም። ሁሉም በሴት ጉልበት ነበር የተወራረደው።

ወደ ሐምሌው ልመለስ። የአገሩ ሴት ሁሉ የተወውን የድንጋይ ወፍጮ አቧራ ጠርጎ ተንበረከከ። በየቤቱ መጅ ሲፋጭ ይሰማል፤ በየቤቱም የእኛ ቤት ይረገማል። ዱቄት የሚያበድር ቀርቶ እሳት የሚሰጠን ጎረቤት ጠፋ። በዓሉ ግን አይቀርም፤ የማኅበሩ ሰው ዳቦውን ሊበላ ይመጣል። የንስሐ አባታችን ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ።

"ልጄ፣ ያን መሐላ ልፍታልሽና ፍጪ" አሉኝ።

"አባ፣ ይፍቱኝ ብዬ አልለመንሁም" አልኋቸው። "መፈታት ያለበት ሞተሩ ነው።"

ባሌ ይህን ሲሰማ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

በማግሥቱ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ ከአማቴ ጎጆ የመጅ ድምፅ ሰማሁ። አሮጊቷ ሊፈጩልን ተንበረከኩ ብዬ ደሜ ፈላ። እሳቸው ከሚንበረከኩ እኔ እንደ ተንበረከክሁ ልቅር ብዬ በዝናቡ ሮጥሁ። ገፍቼ ስገባ አማቴ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሰው እንዳይመጣ ይጠብቃሉ። ወፍጮው ስር ተንበርክኮ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ላቡ ዱቄቱ ላይ እየተንጠባጠበ የሚፈጨው ባሌ ነው።

በአገራችን ወንድ ልጅ ያርሳል፣ ይቀድሳል፣ ይሞግታል፤ አይፈጭም። ፈጨ የተባለ ወንድ ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ አገጩ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ከዚያ ሳላስበው አለቀስሁ።

"በሩን ዝጊው" አለኝ፣ ሳያየኝ።

ዘጋሁት። እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ እንዲያ ፈጨ፣ እኔም ለማንም አልተነፈስሁም። በመንገድ የሚያልፉ ሴቶች የመጁን ድምፅ እየሰሙ፣ "ይኸው መሐላዋን በላች" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ ዝም አልሁ። ዝም ማለት ለእኔ ከመፍጨት ሳይከብድ አልቀረም።

በሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው መጣ። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ዳቦው ሸካራ ነበር፤ ጥርስ ላይ ቋ ይላል። ሰዉ እያላመጠ እርስ በርሱ ተያየ። ከሴቶቹ መሃል አንዷ፣ ሞተሩ ሲቆም በቆሎዋ ግማሽ ተፈጭቶ የቀረባት ጎረቤታችን፣ ዳቦውን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ "እታለም፣ መሐላ ሲበላ እንዲህ ይጎረብጣል እንዴ?" አለችኝ። ቤቱ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ፣ ግን አንገቴን ደፍቼ ጠላ መቅዳቴን ቀጠልሁ።

ባሌ በእጁ የነበረውን ማሰሮ መሬት አስቀመጠ።

"እሷ አልፈጨችም" አለ። "የፈጨሁት እኔ ነኝ።"

አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፤ ሴቶቹ ግማሽ ስላቅ ግማሽ እውነት በሆነ እልልታ ቤቱን አናወጡት። የንስሐ አባታችን እንባቸውን እየጠረጉ፣ "መሪጌታ፣ የዚህስ ትርጓሜው ምንድን ነው?" አሉት።

"ትርጓሜ የለውም፣ አባ። ዘይቱን ያልቀየርሁት እኔ፣ የፈጨሁትም እኔ።"

"እስቲ እጅህን አሳየን!" አሉ ወንዶቹ። አላመኑም። ባሌ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። መዳፉ ተልጦ፣ ውኃ ቋጥሮ፣ ደግሞ ፈርጦ ነበር። እጁን እየተቀባበሉ አዩ። "አይ ጉድ! አይ ጉድ!" አሉ። አንዱ ቅቤ ይቀባ አለ፣ ሌላው በጨው ውኃ ይታጠብ አለ፤ ስለ አንድ ወንድ መዳፍ ያን ያህል ሲመከር አይቼ አላውቅም።

አማቴ ከጥግ ተቀምጠው ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"እኔ ከእናቴ ቤት ጀምሬ ስፈጭ ኖሬያለሁ" አሉ። "እጅሽን አሳይን ያለኝ ሰው የለም።"

ባሌ እጁን ከሰዎቹ አስለቅቆ ሄደና ከአማቴ እግር አጠገብ መሬት ተቀመጠ።

"ያሳዩኝ፣ እማዬ" አላቸው።

እሳቸውም ከነጠላቸው ስር እጃቸውን አውጥተው ዘረጉለት።